የሐኪሙ ንስርና ትንንሾቹ ዓሦች

(ለፕሮጀክት ሠራተኞችና ለአጥቢያ አብያተ ክርስቲያናት ተወካዮች በተዘጋጀ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር። በንግግሩ የተጠቀሱት ዘመናት፣ በሌላ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)



ዛሬ የምነግራችሁ ስለ አንድ እጀ ብልህ ሐኪምና በዙሪያቸው ስለ ነበሩት እንስሶች ነው። ስማቸው አልበርት ሽዋይትዘር ይባላል። በጋቦን አገር፣ ላምባሬኔ በሚባል ስፍራ ሆስፒታል እንዳቋቋሙ፣ የ1952ንም የኖቤል የሰላም ሽልማት እንዳገኙ ከእናንተ ብዙዎች ሳትሰሙ አልቀራችሁም። እኔ ግን ሽልማቱን ትቼ፣ ለሰሚው የሚያስቁ የሚመስሉትን አንዳንድ ልማዶቻቸውን ላነሣ እወዳለሁ። ነገሩ ተራ ይመስላል፤ ነገር ግን እህልን በኩንታል፣ ሰውን በቁጥር እየመዘገብን ለምንውል ለእኛ የሚነግረን አለው።

ለወፎች የጸለየው ልጅ

አልበርት የተወለደው በ1875 አልሳስ በሚባለው አገር ነው። አገሩ ያን ጊዜ በጀርመን ግዛት ሥር ነበር፤ ዛሬ የፈረንሳይ ነው። አባቱ ጉንስባኽ በምትባል ትንሽ መንደር የሉተራን ፓስተር ነበሩ። ልጁ ገና ትምህርት ቤት ሳይገባ አንድ ነገር አይገባውም ነበር፤ ማታ ማታ የሚጸለየው ለሰዎች ብቻ የሆነው ለምንድን ነው? ስለዚህ እናቱ አብረውት ጸልየው፣ ስመውት ከሄዱ በኋላ፣ በልቡ ሌላ ጸሎት ይጨምር ነበር። እስትንፋስ ያለው ፍጥረት ሁሉ ከክፉ እንዲጠበቅና በሰላም እንዲያድር ይለምን ነበር።

ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ሲሆነው ከአንድ ጓደኛው ጋር የላስቲክ ወንጭፍ ሠሩ። በዐቢይ ጾም መጨረሻ አንድ ጠዋት ጓደኛው ወደ ወይኑ ተራራ ሄደን ወፍ እንምታ አለው። አልበርት አልወደደውም፤ ነገር ግን ጓደኛው እንዳይስቅበት ፈርቶ ሄደ። ወፎቹ ቅጠል ባልለበሰ ዛፍ ላይ ሆነው ይዘምራሉ። ጓደኛው ድንጋዩን አስገብቶ አነጣጠረ፤ አልበርትም ኅሊናው እየወቀሰው እንደ እርሱ አደረገ። በዚያችው ቅጽበት የቤተ ክርስቲያን ደወል ተደወለ። ልጁ ወንጭፉን ወርውሮ ወፎቹን ‹እሽ› ብሎ አባረራቸውና ወደ ቤቱ ሮጠ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሰው ይስቅብኛል የሚለው ፍርሃት እንደ ለቀቀው በኋላ ራሱ ጽፎታል።

ከፍጥረቱ ቅዱስ ነበር ማለቴ ግን አይደለም። በቤታቸው ፊላክስ የሚባል የደንብ ልብስ የለበሰ ሰው የማይወድ ውሻ ነበር። ፖስተኛው ሲመጣ ውሻውን የመጠበቅ ሥራ የአልበርት ነበር። እርሱም አርጩሜ ይዞ ውሻውን ጥግ አስይዞ፣ አውሬ እንደሚያሠለጥን ሰው ይንጎራደድበታል። ፖስተኛው ከሄደ በኋላ ግን አጠገቡ ሲቀመጥ፣ በአንገቱ ይዤ እየደባበስሁ ላስታግሠው ስችል ለምን መታሁት እያለ ያዝን ነበር። የልጅነት ኀዘን ነው እንበል። ይሁን እንጂ ይህ ሰው ያን ኀዘን ሲያድግ አልተወውም።

እጃቸው ያላረፈ ሰው

ሽዋይትዘር በ30 ዓመታቸው የፍልስፍናና የትምህርተ መለኮት ዶክተር፣ ሰባኪ፣ ደግሞም የታወቁ የኦርጋን ተጫዋች ነበሩ። ኦርጋን መጫወት ብቻ ሳይሆን አሠራሩንም ያውቁ ነበር። አሮጌ ኦርጋኖች ፈርሰው በፋብሪካ ሥራ እንዳይተኩ ብዙ ደክመዋል፤ በ1906 ስለ ኦርጋን አሠራር መጽሐፍ አውጥተዋል።

ወደ አፍሪካ የመራቸው ነገር ከእኛ ጋር ይዛመዳል፤ የሚስዮን መጽሔት ነው። በ1904 ከጠረጴዛቸው ላይ የፓሪስ ሚስዮን ማኅበር መጽሔት አገኙ። ሊያስቀምጡት ሲሉ፣ በጋቦን ሠራተኛ እንደሌለ የሚናገር ጽሑፍ ዓይናቸው ላይ ወደቀ። አንብበው ሲጨርሱ ፍለጋዬ አበቃ አሉ። በሚከተለው ዓመት የሕክምና ትምህርት ጀመሩ፤ ወዳጅ ዘመድ ሁሉ ተቃወማቸው። በ1913፣ በ38 ዓመታቸው፣ በሙያው ካገዟቸው ከባለቤታቸው ከሄለን ጋር ላምባሬኔ ደረሱ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ደግ አይደለም። የሽዋይትዘር ትምህርተ መለኮት በብዙ ቦታ እኛ ከምናምነው የተለየ ነበር። የፓሪሱ ማኅበር ሰዎችም ይህን ፈርተው ሊቀበሏቸው አመነቱ። እርሳቸው ግን አልተቀየሙም፤ የኮሚቴውን አባላት በየቤታቸው እየዞሩ አነጋገሩ። በሐኪምነት ብቻ እንደሚያገለግሉ፣ በስብከት ነገር ካርፕ እንደሚባለው ዓሣ ዲዳ እንደሚሆኑ ቃል ገቡ። ላምባሬኔ ከደረሱ በኋላ ግን አብረዋቸው የሚሠሩት ሚስዮናውያን ራሳቸው ስበኩልን አሏቸው፤ ዓሣው አፉን ከፈተ።

የመጀመሪያው የሕክምና ክፍል አሮጌ የዶሮ ቤት ነበር። መስኮት አልነበረውም፤ ጣሪያው ስለ ተቀዳደደ ሐኪሙ ፀሐይ እንዳይመታቸው ቀኑን ሙሉ ባርኔጣ አድርገው ይሠሩ ነበር። ግድግዳውን በኖራ ቀብተው፣ መደርደሪያ ሠርተው ሥራ ጀመሩ። ረዳታቸው ዮሴፍ አዞዋኒ የሚባሉ የአገሩ ሰው ነበሩ። ዮሴፍ ቀድሞ ወጥ ቤት ስለ ነበሩ የበሽተኛውን ሕመም ሲያስረዱ በሥጋ ቤት ስም ነበር፤ የዚህ ሰው ሽንጡ፣ የዚያች ሴት ጎድኗ ታሟል ይሉ ነበር። ማንበብ ባይችሉም የመድኃኒቱን ጠርሙስ በጽሑፉ መልክ ለይተው ሳይሳሳቱ ያመጡ ነበር። ሐኪሙ የማያውቋቸውን የአገሩን ቋንቋዎችም የሚያስተረጉሙላቸው እኚሁ ሰው ነበሩ።

ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ በ1924፣ ሽዋይትዘር ወደ ላምባሬኔ ሲመለሱ ሆስፒታሉ ፈርሶ ዱር ውጦት ነበር። በሚከተሉት ዓመታት ከወንዙ ወደ ላይ ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ አዲስ ሠሩ። ቦታውን የለኩት፣ ምሰሶውን ያስተከሉት፣ ቆርቆሮውን ያስመቱት እርሳቸው ነበሩ። ጧት ሐኪም፣ ከሰዓት በኋላ አናጢና የቀን ሠራተኞች አለቃ፣ ማታ ደግሞ የፓሪስ የባኽ ማኅበር በሰጣቸው ፒያኖ ፊት ሙዚቀኛ ነበሩ። ፒያኖው እንደ ኦርጋን የእግር መርገጫ ያለው ሲሆን፣ እርጥበትና ምስጥ እንዳያበላሸው ውስጡ በዚንክ የተለበጠ ነበር።

ምሰሶው ሳይተከል

አሁን ወደ ልማዶቻቸው ልምጣ። ለምሰሶ ጉድጓድ ሲቆፈር፣ እንጨቱ ከመውረዱ በፊት ሠራተኛው ጎንበስ ብሎ ማየት ነበረበት። እንቁራሪት ወይም ጉንዳን ወድቆ እንደሆነ በእጁ አንሥቶ ካወጣ በኋላ ነው ምሰሶው የሚገባው። ቦታ ሲመነጠር ደግሞ ዘይት የሚሰጡት የዘንባባ ዛፎች እንዳይቆረጡ፣ ከነሥራቸው ተነቅለው ሌላ ቦታ እንዲተከሉ አዘዙ። ለእንስሳ ማዘን ለሠራተኞቹ ይገባቸው ነበር። ከባድ ዛፍ ተሸክሞ መዞር ግን የለየለት እብደት መስሎ እንደ ታያቸው ሐኪሙ ራሳቸው በቀልድ ጽፈዋል።

ጆሴፊን የምትባል ለማዳ የዱር አሳማ ነበረቻቸው። ይህች አሳማ ሌሊት ትንኝ ሲያስቸግራት ወደ ወንዶቹ መኝታ ቤት ትገባና ከመጀመሪያው ደህና አጎበር ሥር ትተኛለች። ከእርሷ ጋር ለማደር ለተገደደው ሰው ሐኪሙ በማግስቱ የትምባሆ ቅጠል ካሣ ይከፍላሉ። እግሯን ሙጃሌ ሲበላት ደግሞ እያነከሰች ወደ ሆስፒታሉ ትወርዳለች። በጀርባዋ አጋድመው ሙጃሌውን በቢላ ሲያወጡላትና አዮዲን ሲቀቧት ችላ ትተኛለች፤ ሲያበቃም እንደ ምስጋና አጉረምርማ ትሄዳለች። ሙጃሌ ያወጣ ሰው ይህን ሲሰማ ሳይስቅ አይቀርም።

በዝዋይና በአባያ ሐይቅ ላይ የምናየው፣ ከመንቁሩ በታች ከረጢት ያለው ፔሊካን የሚባለው ትልቅ ወፍም ነበራቸው። ስሙ ፓርሲፋል ነበር። በ1950 ስለ እርሱ መጽሐፍ ሲያወጡ፣ ታሪኩን የሚናገረው ወፉ ራሱ እንዲሆን አድርገው ጻፉት። ሲዚ የምትባለው ድመት በግራ ክንዳቸው ላይ እንቅልፍ ሲወስዳት፣ እንዳይቀሰቅሷት እጃቸውን ሳያንቀሳቅሱ በቀኝ እጃቸው ይጽፉ እንደ ነበር ይነገራል።

ብርና ወረቀት ግን አያባክኑም ነበር። መጽሐፎቻቸውን የሚጽፉት በአገልግሎት ላይ በዋሉ ወረቀቶች ጀርባ ነው። ምዕራፉ ሲያልቅ ወረቀቱን በስተው በሲባጎ ያስሩታል። በአውሮፓ በባቡር የሚሄዱት በሦስተኛ ማዕረግ ነበር። ለምን ቢሏቸው አራተኛ ማዕረግ ስለሌለ ነው ብለው እንደ መለሱ ይወራል። የኖቤሉን ሽልማት ገንዘብም ለሥጋ ደዌ ሕሙማን መንደር መሥሪያ አዋሉት።

ንስሩና ዓሦቹ

ወንድሞችና እኅቶች፤ እስካሁን ያልኋችሁ ደስ የሚል ወሬ ነው። እዚህ ላይ ቢቆም ኖሮ ሽዋይትዘር እንስሳ የሚወዱ ደግ ሽማግሌ ናቸው ብለን እናልፍ ነበር። ነገሩ ግን የሚከብደው ከዚህ ወዲያ ነው።

በ1915 መስከረም ወር አንዲት የታመመች የሚስዮናዊ ሚስት ለማከም በኦጎዌ ወንዝ ላይ ሩቅ መንገድ ሄዱ። በሦስተኛው ቀን፣ ፀሐይ ስትጠልቅ፣ ጀልባዋ በጉማሬዎች መካከል ስታልፍ፣ ብዙ ወራት የፈለጉት ሐሳብ መጣላቸው። በአማርኛ ‹ሕይወትን ማክበር› ልንለው እንችላለን። እኔ ለመኖር እንደምፈልግ፣ በዙሪያዬ ያለው ሁሉ ለመኖር ይፈልጋል ነው ነገሩ።

መልካም ሐሳብ ነው። ነገር ግን ዓለም እንዲህ አልተሠራችም፤ አንዱ የሚኖረው በሌላው ነው። ሽዋይትዘር ይህን አልሸሸጉም። በ1931 ባወጡት የሕይወት ታሪካቸው አንድ ነገር ይተርካሉ። ሰዎች በወንዙ አሸዋ ላይ የያዙትን ዓሣ የሚበላ የንስር ጫጩት፣ ከሥቃይ ለማዳን ገዙት። ገዝተው ቤት ሲያመጡት ጥያቄው መጣ፤ ወይ ንስሩ በረሃብ ይሙት፣ ወይ እርሱ እንዲኖር በየቀኑ ትንንሽ ዓሦች ይገደሉ። ንስሩን ለመመገብ ወሰኑ። ነገር ግን በእርሳቸው ውሳኔ አንዱ ሕይወት ለሌላው ሲሠዋ በየቀኑ ይከብዳቸው ነበር።

በሥራቸውም ያው ነው። ለእንቅልፍ በሽታ አዲስ መድኃኒት ሲገኝ፣ ቀድሞ ሲሞት ዝም ብለው ያዩት የነበረውን ሰው ማዳን በመቻላቸው ደስ አላቸው። ይሁን እንጂ የበሽታውን ተሕዋስያን በማይክሮስኮፕ ባዩ ቁጥር፣ ሌላውን ሕይወት ለማዳን ይህን ሕይወት ማጥፋት እንዳለባቸው ያስቡ ነበር። እጃቸው አልተንቀጠቀጠም፤ መድኃኒቱን ሰጡ። ግን መግደልን እንደ ተራ ነገር አልቆጠሩትም።

እንግዲህ የጉድጓዱ እንቁራሪት ትርጉም ይህ ይመስለኛል። አንዲት እንቁራሪት በመትረፏ ዓለም አይለወጥም። በየቀኑ ጎንበስ ብሎ የሚያይ ሰው ግን፣ ከባዱ ምርጫ ሲመጣ ዓይኑን ጨፍኖ አይመርጥም።

ያልታያቸው ነገር

ይህን ስናገር ሌላውን ብሸሽግ አላገለግላችሁም። ይህ ለጉንዳን የሚጠነቀቅ ሰው፣ በ1921 በጀርመንኛ በታተመው መጽሐፋቸው፣ አፍሪካዊው ወንድሜ ነው፣ ነገር ግን እኔ ታላቁ ወንድም ነኝ የሚል ሐሳብ ጽፈዋል። ብዙ አፍሪካውያን በዚህ አዝነዋል፤ ትክክልም ናቸው። የዮሴፍ አዞዋኒ ቋንቋና ብልሃት ባይኖር የዶሮ ቤቱ ሕክምና አይሆንም ነበር፤ ይሁን እንጂ ዓለም የሚያውቀው የአንዱን ስም ብቻ ነው። ሆስፒታሉን የጎበኙ አንዳንድ ሰዎችም ለንጽሕናውና ለአሮጌ አሠራሩ ነቅፈውታል።

ከዚህ የምንማረው ቀላል አይደለም። ለእንስሳ ማዘን ለሰው ክብር ለመስጠት ዋስትና አይሆንም። ርኅራኄ ወደ ታች ብቻ የሚመለከት ከሆነ፣ የሚረዳው ሰው ዓይን ለዓይን አይታየውም። ይህ በሽታ የነጭ ሰው ብቻ አይደለም። ከአዲስ አበባ በላንድሮቨር ወደ ገጠር የሚወርደውንም ይይዛል፤ በወረዳው ተወልዶ ደመወዝ የጀመረውንም ይይዛል። ጠዋፊ እንደመሆን ሻማውን በአንድ እጅ እየያዝን፣ በሌላው እጃችን የሰውን ፊት መጋረድ ይሆናል።

ለእኛ ምን ይላል?

በ1977 ዓ.ም.፣ በእኛ አቆጣጠር ማለቴ ነው፣ በድርቁ ጊዜ በመቀሌ የምግብ ማደያ የቀይ መስቀል ነርስ ሆና ታገለግል የነበረች ክሌር በርትሺንገር የምትባል ወጣት ነበረች። ከፊቷ ከተቀመጡት ብዙ መቶ ሕፃናት መካከል ማደያው የሚችላቸውን ጥቂት አሥሮች የምትመርጠው እርሷ ነበረች። ያን ምርጫ ብዙ ዓመት ተሸክማው ኖራለች። ንስሩና ዓሦቹ በእርዳታ ሥራ ሲመጡ እንዲህ ናቸው። መልካም የሚሆነው ለሁሉ በበቃ ነበር፤ በማይበቃበት ጊዜ ግን የሚመርጥ ሰው ያስፈልጋል። የሚመርጠውም ሰው ልቡ ያልደነደነ ሊሆን ይገባዋል።

ስለዚህ ለፕሮጀክት ሠራተኞች ሦስት ነገር ልበል።

አንደኛ፣ መዝገብ ላይ ስም ስትሰርዙ፣ የተሰረዘው ሰው ማን እንደሆነ እወቁ። ቁጥሩ አልበቃም ማለት ይቻላል፤ ፊቱን ሳያዩ ማለት ግን ጉድጓዱን ሳያዩ ምሰሶ መትከል ነው።

ሁለተኛ፣ ገበሬው ስለ በሬው ሲጠይቃችሁ አትሳቁ። ሰው እየራበው ስለ ከብት ያወራል አትበሉ። በድርቅ በሬውን የሸጠ ወይም የሞተበት ሰው፣ ዝናብ በመጣ ጊዜ እርሻው ጦም እንደሚያድር እርሱ ከእኛ ይበልጥ ያውቃል። የዮናስን መጽሐፍ የመጨረሻ ቁጥር ገልጣችሁ ተመልከቱ፤ እግዚአብሔር ስለ ነነዌ ሲናገር ሕፃናቱን ብቻ ሳይሆን እንስሶቹንም ቆጥሯል።

ሦስተኛ፣ ዮሴፍ አዞዋኒን አትርሱ። በየጣቢያችሁ ቋንቋ የሚያስተረጉም፣ መንገድ የሚያሳይ፣ ሌሊት መጋዘን የሚጠብቅ ሰው አለ። በሪፖርታችሁ ስሙን ጻፉት። ቀድሞ ወጥ ቤት ወይም ዘበኛ ነበር ብላችሁ ምክሩን አትናቁት።

ለአብያተ ክርስቲያናት ደግሞ የምለው አጭር ነው። ልጆቻችሁ ለታመመች ድመት ወይም ከጎጆዋ ለወደቀች ወፍ ሲጸልዩ ብትሰሙ ዝም አታሰኟቸው። እንጨት የሚጠርብ፣ ስፌት የሚሰፋ፣ የተሰበረ ወንበር የሚጠግን ወጣት ካላችሁም፣ ይህ መንፈሳዊ ሥራ አይደለም ብላችሁ አታሳንሱት። ጸሎትና መዶሻ በአንድ ሰው እጅ ሲገኙ ምን እንደሚሠሩ አይተናል።

ሽዋይትዘር በ1965፣ በ90 ዓመታቸው፣ በላምባሬኔ ዐረፉ። የተቀበሩት እዚያው በወንዙ ዳር ነው፤ በመቃብሩ ላይ የቆመውንም መስቀል ቀደም ብለው በገዛ እጃቸው ሠርተውት ነበር። በስማቸው የሚጠራው ሆስፒታል ዛሬም በሽተኛ ይቀበላል፤ የወባ ምርምርም ይካሄድበታል። የሚሠሩትም በአብዛኛው የአገሩ ልጆች ናቸው። ታላቅና ታናሽ ወንድም የሚለው ነገር በዚህ መንገድ መልስ ያገኘ ይመስለኛል።

ነገ ጠዋት ወደየሥራችሁ ትመለሳላችሁ። የሚቆፈር ጉድጓድ፣ የሚተከል ምሰሶ፣ የሚታደል እህል ይጠብቃችኋል። ከመጀመራችሁ በፊት ጎንበስ ብላችሁ እዩ። እግዚአብሔር የእጃችሁን ሥራ ይባርክ።